ወደ ቆጮው ጉድጓድ የዞረው ካሜራ

ዓርብ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 3 ሰ.

ሸምሱ ሰረቀኝ። ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር አብሮኝ የኖረ ጎረቤት። ቆጮ የተቀበረበትን ጉድጓዴን ከፍቶ ወሰደ።

አጥር ልጠግን ጓሮ ገባሁ። የጉድጓዱ ድንጋዮች ከቦታቸው ተነቃንቀዋል። የላዩ ቅጠል አዲስ ነው፣ ገና አረንጓዴ። ከጉድጓዱ እስከ አጥሩ ክፍተት ድረስ ነጭ የቆጮ ፍርፋሪ። ክፍተቱ ወደ ሸምሱ ጓሮ እንጂ ወደ ሌላ አያወጣም። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ለጥር የተቀመጠ ነው። ለመጨረሻ ልጄ ሠርግ። አምና አጠውልግ የሚሉት በሽታ የጓሮውን እንሰት ጨረሰብን። ይኼን ጉድጓድ የሞላነው ሌሞ ወረዳ ካለው መሬቴ በጋሪ ባስመጣሁት እንሰት ነው። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የእኔን ቆጮ የሚነካ ሰው አለ ብዬ አላስብም ነበር።

ማርታን፣ ባለቤቴን፣ ማን ነካው አልኳት። የጓሮውን ነገር ለእኔ ተወው አለች። ዞራ ስለነበር ፊቷን አላየሁትም። ጎረቤት ፈርታ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 5። ከሰዓት

ሽማግሌዎች ፊት፣ ማርታም ባለችበት፣ ስሙን ጠራሁ። ሸምሱ አልተቆጣም። መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። ሌባ እንዲህ ነው።

ሽማግሌዎቹ ግን ቃል ብቻ አንቀበልም አሉ። ሁለት ሳምንት ሰጡኝ። ማስረጃ ካለህ አምጣ፣ ከሌለህ ሠፈሩ በተሰበሰበበት ይቅርታ ትጠይቃለህ አሉ። እኔ! በሰባ አንድ ዓመቴ! ከዛሬ ጀምሮ ምግብ አይወርድልኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ዕቃ ገዛሁ። አንድ ካሜራ፣ የምስል መቅጃ፣ ራውተር፣ ሃምሳ ሜትር ገመድ። ባለሱቋ ሰናይት የሚገጥምልኝ ሰው ልትልክ ፈለገች። ራዲዮ ስጠግን አንቺ አልተወለድሽም አልኳት። ጋሼ፣ ይኼ እኮ ራዲዮ አይደለም ብላ ሳቀች። ማንም አላስተማረኝም፣ ያኔም አሁንም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። መዝገበ ቃላት አለኝ።

ኢንተርኔት አልፈልግም። ራውተሩ ካሜራውንና መቅጃውን ያገናኝልኝ፣ ይበቃል። 12 ቀን ቀረኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት 10 ሰ.

አይሠራም። ገመዱ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ አለ። በቀለማቸው ተራ ተደርድረው ጫፉ ላይ ይታሰራሉ። ሦስት ጊዜ አሰርኩ፣ ሦስት ጊዜ ቆረጥኩ። የራውተሩ መብራት አልበራም።

በኋላ ደጅ ወጥቼ በፀሐይ አየሁት። በአንደኛው ጫፍ አረንጓዴውን በሰማያዊው ቦታ አስገብቼዋለሁ። ዓይኔ ነው። እንደገና አሰርኩ። በራ! ወዲያው የሠፈሩ መብራት ጠፋ። እስካሁን አልመጣም። የሚቀናኝ መሰለህ፣ ደብተሬ? እኔንጃ።

ኀሙስ፣ ኅዳር 9

ገመዱን በአጥሩ አናት ስወስድ የመሰላሉ እግር ተንሸራተተ። ከሥር ሁለት እጆች ያዙት። ሸምሱ። መውረድ አልቻልኩ፣ ማመስገንም አልቻልኩ።

ይዤዋለሁ ጋሼ፣ ይጨርሱ አለ። ጨረስኩ። እኔን ለመያዝ ከሆነ የሚሰቅሉት፣ በዚህኛው ጎኔ ያስነሱኝ፣ በዚህኛው አምራለሁ ብሎ ቀለደ። አልሳቅሁም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፦

«ወደ ጉድጓዱ አያዙሩት ጋሼ። የሴቶች ቦታ ነው። ወደ በሩ ያድርጉት።»

ፈራ! በዓይኔ አየሁ፣ ፈራ።

እውነት ነው፣ ወንድ ወደ ቆጮ ጉድጓድ አይሄድም። አባቴ አንድ ቀን ገልጦ ሳያይ ሞተ። መቼ እንደሚከፈት፣ ስንት እንደሚወጣ፣ የሚያውቁት ሴቶች ናቸው። ሌባ ሲገባስ? ያም የሴት ጉዳይ ነው?

ቀጥ አድርጌ ወደ ጉድጓዱ አዞርኩት። ብሎኑን አጠበቅሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ምስል የለም። ጠዋቱን ሙሉ መጽሐፉ ላይ ተደፋሁ። ለካ ካሜራውና ራውተሩ ከፋብሪካ አንድ ዓይነት የቁጥር አድራሻ ይዘው ነው የመጡት። ሁለት ቤት በአንድ ቁጥር። የካሜራውን የመጨረሻ ቁጥር ቀየርኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ጓሮዬ ብቅ አለ። ድንጋዮቹ፣ ቅጠሉ፣ አንድ ዶሮ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ደስታዬ አልቆየም። የአንድ ለአምስታችን ሰብሳቢ መጣ። ካሜራው ማንን ነው የሚያየው አለ። የገዛ ቆጮዬን አልኩት። በደብተሩ ጻፈ። ምን ብሎ ጻፈ? አላሳየኝም።

ማርታ በሩ ላይ ቆማ ቴሌቪዥኑን አየች። ረጅም ጊዜ። ሁልጊዜ ይቀርጻል? አለች። ሁልጊዜ አልኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 12። 5 ሰ.

ማርታ ራሷን አሟት ቀረች። ብቻዬን ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅዳሴው አልገባኝም፤ ልቤ ጓሮ ነው።

መጣሁ። ልብሴን ሳልቀይር መቅጃውን ከፈትኩ። ከ2 እስከ 4 ሰ. ፈለግሁ። ጨለማ ብቻ። ተበላሸ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ቆይቶ ገባኝ፣ ዕቃው በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ስድስት ጨመርኩ።

8፡52 ይላል። ዘይነባ፣ የሸምሱ ሚስት፣ በክፍተቱ ገባች። ያዝኳት!

ከዚያ ማርታ መጣች። ከእኔ ቤት በኩል። ድንጋዮቹን ሁለቱ ተጋግዘው አነሱ። ማርታ ተንበርክካ ቆጮ አወጣች፣ በቅጠል ጠቀለለች፣ ለዘይነባ አሸከመቻት። ስትጨርስ ቀና አለች። ካሜራውን አየችው። ዓይኗን አልነቀለችም። እኔን ነው ያየችኝ።

አጠፋሁት። 

ሰኞ፣ ኅዳር 13

ተናገረች። አልጮኸችም። ስነግርህ አትሰማም፣ ስለዚህ በዓይንህ እንድታይ ነው አለች።

ከዚያ ጠየቀችኝ፦ አምና እንሰቱ ሲያልቅ ሦስት ወር የበላኸው የማንን ነው?

 ጠይቄ አላውቅማ። ይቀርባል፣ እበላለሁ። ከዘይነባ ጉድጓድ ነበር። ዘንድሮ የእኛ ሲደርስ የእነሱ አለቀ፤ ማርታ መለሰችላት። ሴቶቹ እንዲህ ነው የሚኖሩት። አንዱ ቤት ባዶ ሲሆን ሌላው ይከፍታል፣ ወንዶቹ ይበላሉ፣ ማንም አያወራም።

ሽማግሌዎች ፊት ዝም ያልሽው ለምንድን ነው አልኳት። ቤታችን ሦስት ወር ባዶ ነበር ብዬ ላዋርድህ? አለች።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሸምሱ ያውቃል?

ከመጀመሪያው ቀን፣ አለች። ለጋሼ ሲባል ዝም በሉ ያለን እሱ ነው።

ሌባ ብዬው ለእኔ ክብር ዝም አለ። መሰላሌን ያዘ። ወደ ጉድጓዱ አያዙሩት ያለው ለእኔ ፈርቶ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18

ነገ ነው። ማርታ፣ ተሳሳትኩ ብቻ በልና ተቀመጥ ትላለች። ከዚህ አልጋ ባልነሳ እወድ ነበር። ግን እነሳለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 19። 11 ሰ.

ተነሣሁ። ሠፈሩ ሞልቷል። ሸምሱ አልሰረቀኝም አልኩ። ትልቁ ሽማግሌ፣ ታዲያ ካሜራው ምን አሳየህ አሉ።

ሸምሱ ቀደመኝ። «አይጥ ነው የያዙት፣ ጋሼ! እንደኔ የወፈረ አይጥ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። መውጫ ከፈተልኝ፤ በሳቁ መሃል ልቀመጥ እችል ነበር።

አልተቀመጥኩም። አይጥ አይደለም አልኩ። አምና ሦስት ወር ቤቴ ባዶ ነበር። የበላሁት የሸምሱን ቆጮ ነው። ዘንድሮ ባለቤቴ መለሰች። እኔ ያበላኝን ሰው ሌባ አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ሸምሱ መጥቶ ትከሻዬን ያዘ። እጁን ከላዬ አላወረድኩትም።

አሁን ካሜራውን አውርጄ ወደ መንገዱ አዞርኩት፣ የሁለታችንም በር እንዲታይ። መሰላሉን ሸምሱ ያዘልኝ። 

እንግዲህ አንዴ ተናግሬያለሁ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ሁለተኛ ከአፌ የሚሰማው የለም። ልጆቼም ቢጠይቁ፣ ሽማግሌዎቹም ቢያነሱት። አንተም ደብተሬ፣ ከዚህ ገጽ በኋላ አታነሳብኝ።