የእትየ ዘይነባ ጥርስ

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቆቦ

የጥርስ ሙሌት የሚያደርቀው ሌዘር ክሊኒካችን ከገባ ሳምንቱ ነው። ማሽኑን እንዳየሁ ትዝ ያሉኝ የዋጃዋ እትየ ዘይነባ ናቸው። አምና የተሰበረ የፊት ጥርሳቸውን ሞልቼ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ፤ የድሮዋ ሙሌት ማድረቂያም ባትሪዋ አለቀ። የቆቦን ፀሐይ ተማምኜ ደጃፍ አስቀመጥኋቸውና «አፍዎን ከፍተው ወደ ፀሐይ ይዙሩ» አልኋቸው። ላዩ ደረቀ፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ነበር። ወር ሳይሞላው ወደቀ። ጭንቀታቸው ሁሉ ጅዳ ያለው ልጃቸው ሲመጣ እንዲያ ሆነው እንዳያያቸው ነበር።

ሐሙስ ዕለት በሚኒባስ ሾፌር «ይምጡ፣ አሁን በደንብ እሠራዋለሁ» ብዬ ላክሁባቸው።

ዛሬ መጡ። ልጃቸው እዚያው ጅዳ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። መርዶው ከደረሳቸው ሦስት ሳምንቱ ነው። እኔ አልሰማሁም ነበር።

«በዚህ ሐዘን ላይ ለምን ተንገላቱ?» አልኋቸው።

«ጠርተኸኝ እንዴት እቀራለሁ፣ ልጄ? የሚያየውስ የለም።»

ወንበሩን አሳይቻቸው ጓንትና ማሽኑን ላመጣ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ደጃፉ ላይ፣ አምና ያስቀመጥኋቸው ቦታ ቁጭ ብለው፣ አፋቸውን ከፍተው ወደ ፀሐይ ዞረዋል። የተነቀሰ ድዳቸው ይታያል። እንባቸው ወደ ጆሯቸው ይወርዳል።

ማሽኑን ይዤ ቆምሁ። ከዚያ ወጥቼ አጠገባቸው ቁጭ አልሁ።