ከዳር የተወሰደው ናሙና

ቀን፦ የካቲት 18

ለቤተ መጻሕፍቱ ዋና ዳይሬክተር

ጉዳዩ፦ በእኔ የተሳሳተ የምርመራ ውጤት የተጀመረው የብራና መጻሕፍት እጥበት እንዲቆም ስለመጠየቅ

ክቡር ዳይሬክተር፣

በጥገና ክፍሉ ቤተ ሙከራ በኬሚስትነት ሳገለግል አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በዚሁ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ። ሁለቱ መልስ አላገኙም፤ ሦስተኛው «አመልካቿ ለአባቷ ስትል የገዛ ውጤቷን ክዳለች» የሚል በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበት ተመልሶልኛል። ይህኛው የተሻለ ዕድል ይገጥመዋል ብዬ አይደለም የምጽፈው።

1. ምድር ቤት ሳሉ ሻጋታ የመታቸው አሥራ ሁለት የብራና መጻሕፍት በውሃ መታጠብ ይችሉ እንደሆነ እንድመረምር ታዝዤ ነበር። ሁሉም የአንድ ዘመንና የአንድ እጅ ሥራ ስለሆኑ፣ እንደ አሠራራችን ከአንዱ ብቻ ናሙና ወሰድኩ። ጥቂት የቆዳ ጭረት በውሃ ጠብታ ውስጥ እያሞቅሁ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ጤነኛ ብራና ስድሳ ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ አይኮማተርም፤ የተጎዳ ግን ገና ለብ ሲል እጥፍጥፍ ይላል። የእኔው እስከ ስድሳ ሁለት ድረስ ቻለ። «ቢታጠብ ጉዳት የለውም» ብዬ ፈረምኩ።

2. እጥበቱ የታዘዘው ለብራና ጠጋኙ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ መርፌ የሚላቸው እኚህ ሰው አባቴ ናቸው። ጣታቸውን አርጥበው የአንዱን ቅጠል ጥግ ሲነኩ ጣታቸው ተጣበቀ። «ይሄ ውሃ አይችልም» አሉ። የክፍሉ ኃላፊ የእኔን ወረቀት አንብቦላቸው፣ «የልጅዎን ማሽን ልመን ወይስ የእርስዎን ጣት?» ብሎ ጠየቃቸው። አላጠቡም። ከሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎት በኋላ በሥራ እምቢተኝነት ተሰናበቱ፤ መርፌዎቻቸውንም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ናቸው ተብለው ቆጥረው አስረከቡ። ማታ ቤት ስንገናኝ «ወረቀትሽ ነው ልክ፣ ልጄ። ጣቴ አርጅቷል» አሉኝ።

3. የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲታጠብ ቅጠሎቹ ሙጫ ሆነው እርስ በርስ ተጣበቁ። ኃላፊው በአባቴ ምትክ በተመደቡት አጣቢዎች አላከከ፤ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁት ነው አላቸው። እኔ ናሙናውን ወደወሰድኩበት መጽሐፍ ተመልሼ ቅጠሉን በአልትራቫዮሌት መብራት አየሁት። ዳሩ ከመሀሉ ሌላ ቀለም ነበረው። ናሙናውን የወሰድኩት ለካ ከመጣፊያ ላይ ነው።

ልምዳችን ጽሑፉን ላለመንካት ናሙና ከባዶው ዳር መውሰድ ነው። ብራና ደግሞ መጀመሪያ የሚያልቀውና የሚጣፈው ዳሩ ነው። ይህን እያወቅሁ መብራቱን ሳላበራ ቆረጥኩ። መጣፊያው የዛሬ ሃያ ዓመት በአዲስ ጤነኛ ቆዳ በአባቴ እጅ የተጣፈ፣ ውፍረቱና የጠጉሩ አቅጣጫ ሳይቀር የተስተካከለ ነው። ስፌቱን ዛሬም በዓይኔ ብቻ ብፈልገው አላገኘውም።

4. ይህን ምክንያት በሦስቱም ደብዳቤዎች አልገለጽኩም። «ውጤቱ ስህተት ነው» ብቻ ነበር ያልኩት። ከሥራቸው ያስባረራቸው የገዛ ጥገናቸው ማማር መሆኑን አባቴ እንዲሰሙ አልፈለግሁም። ምክንያት የሌለው ደብዳቤ ማን ያምናል? የመጀመሪያውን ስጽፍ የታጠበው አንድ መጽሐፍ ነበር፤ ዛሬ ዘጠኝ ናቸው። የስምንቱ ኃጢአት የዝምታዬ ነው።

5. አዲስ ናሙና ለመውሰድ ለፈቃድ ኮሚቴው አመልክቻለሁ። ኮሚቴው በሦስት ወር አንዴ ይሰበሰባል፤ እጥበቱ የሚያልቀው ሐሙስ ነው።

ስለዚህ፣ የቀሩት ሦስት መጻሕፍት ውሃ ሳይነካቸው ሻጋታው በደረቅ ብሩሽ ብቻ እንዲጠረግላቸው፣ ስንብቱም ከአባቴ ላይ ተነሥቶ በእኔ ላይ እንዲሆን በትሕትና አመለክታለሁ። ሁለቱም እንደማይሆኑ ይገባኛል። ቢያንስ በፈረምኩት ውጤት ላይ «ናሙናው ከመጣፊያ የተወሰደ ነው» ተብሎ ይጻፍበት። ነገ እነዚያን የተጣበቁ መጻሕፍት ሊከፍት የሚሞክር ሰው ማንን እንደሚወቅስ ይወቅ።

በደንባችን መሠረት የስንብቱ ጉዳይ በደብዳቤ የተነሣ ሠራተኛ ግልባጭ ይደርሰዋል። የአባቴን ግልባጭ መዝገብ ቤት እንዳይልክ እለምናለሁ፤ ዛሬ ማታ እኔው አነብላቸዋለሁ። ጣታቸው እንዳላረጀ ይወቁ። የትኛው ቅጠል እንደሆነ ስነግራቸው ግን የማን ስፌት እንደሆነ ወዲያው ያውቁታል።

ከኀፍረትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የቤተ ሙከራው ኬሚስት

ግልባጭ፦
ለብራና ጠጋኙ፣ በልጃቸው እጅ