ጨረቃ ካልወጣችስ?

ውድ እታለም፣

ስልክ ስደውልልሽ ሁለታችንም ቀልድ ላይ እንወድቅና ቁም ነገሩ ሳይነገር "በል ቻው፣ ሰው ቆሞብኛል" ብለሽ ታመልጪኛለሽ። ዛሬ ግን ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ስለሆነ ማምለጫ የለሽም።

መጀመሪያ የምስራቹን ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ፤ የመጨረሻውን ፈተና አልፌያለሁ! እንዴት እንዳለፍኩ ግን ከሥሩ ካልነገርኩሽ አይጥመኝም። ታሪኩ ግማሹ ያንቺ ነው፤ አንዱን ክፍሉን ግን እስከ ዛሬ አታውቂውም።

የፋርማሲ ትምህርት ቤቱን ፎርም አንቺው ሞልተሽ፣ ፎቶዬን አንቺው ለጥፈሽ "ፈርም ብቻ" ብለሽ ሰጠሽኝ፤ ፈረምኩ። በማግስቱ ተደብቄ የአርት ኮሌጁንም ሞላሁ። ስሜ ግራፊክ ዲዛይን ከሚማሩት ዝርዝር ውስጥ የወጣ ቀን በረንዳው ላይ ቆመሽ ያልሽኝን አልረሳውም። "ቀለም እንድትቆጥር ነበር የለፋሁብህ፣ ቀለም እንድትቀባ አይደለም!" አባዬ ሳቁን ሊደብቅ ወደ ጓዳ ገባ። አንቺ ግን አልሳቅሽም፣ እኔም አልሳቅኩም። ከትንሿ ከተማችን ስወጣ ደህና ግባ እንኳ አላልሽኝም። አምስት ወር ሙሉ ተኮራርፈን ቆየን።

በነዚያ ወራት የገጠመኝን ለማንም አልተናገርኩም። የክፍሌ ልጆች ኮምፒውተር ሲነካኩ ያደጉ ናቸው፤ እኔ ማውዝ የያዝኩት ገና ያን ጊዜ ነበር። የመጀመሪያ ፖስተሬ ላይ የማውቀውን ሁሉ አጨቅኩበት። አሥራ አንድ ቀለም፣ ስድስት ዓይነት የፊደል ቅርፅ፣ ጥጉ ላይ ቦታ ስለተረፈ ደግሞ አንዲት ርግብ። አስተማሪያችንን ተማሪው በጀርባቸው "ጋሼ ቀንስ" ይላቸዋል፤ ምንም ብታሳያቸው "ቀንስ" ነው መልሳቸው። የኔን ግን ጠጋ ብለው አዩትና፣ "ርግቧ ምን አጥፍታ ነው እዚህ የታሰረችው?" አሉኝ። ክፍሉ ሁሉ አውካካ። እኔም ከአንገት በላይ አብሬ ሳቅኩ።

የማታውቂው ይሄ ነው። በስድስተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ልብሴን አጣጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩና ደወልኩልሽ። "ልክ ነበርሽ፣ ልመለስ ነው" ልልሽ ነበር፤ ቃሉን ሳይቀር ተለማምጄዋለሁ። አነሳሽውና ገና "እታለም" ከማለቴ "ቆይ አንዴ!" ብለሽ ስልኩን መድኃኒት የምታድይበት የጤና ጣቢያው መስኮት ላይ አስቀመጥሽው። እኔም ጆሮዬን ደግኜ ቀረሁ።

"አባባ፣ ክኒኑን ጠዋት ሁለት፣ ማታ አንድ!"

"ማታ ሁለት?"

"አይ! ጠዋት ነው ሁለት!"

"እሺ፤ ጠዋትም ሁለት፣ ማታም ሁለት።"

"አባባ በሞቴ! ማታ አንድ!"

"ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትይኝም ነበር?"

ለአራተኛ ጊዜ ስትደግሚላቸው ድምፅሽ ሰለለ። ከዚያ ስልኩን አነሳሽና "ምን ፈለግህ?" አልሽኝ፤ ቁጣሽ በኔ ይሁን በሳቸው አልለየሁም። የተለማመድኩት ቃል ሁሉ ጠፋኝ።

"በምን ላይ ነው የምትጽፊላቸው?" አልኩሽ።

"በመድኃኒቷ ፖስታ ላይ ነዋ! በግንባራቸው ላይ ልጻፍላቸው?"

"ማንበብ ይችላሉ?"

"ግማሾቹ አይችሉም። የሚችሉት መነጽር የላቸውም። መነጽር ያላቸው ደግሞ የኔን እጅ ጽሑፍ የት ያውቁታል? እኔም ራሴ አላነበው!"

ይሄኔ ሳቅሽ። ከአምስት ወር በኋላ ሳቅሽን ሰማሁ። ስልኩን እንደዘጋሁ ልብሴን ከሻንጣው አውጥቼ መልሼ ሰቀልኩ። እኚያ አባባ ነገሩ ቶሎ ገብቷቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን ደብዳቤ ባልጻፍኩልሽ፤ ዕድሜ ይስጣቸው።

በሳምንቱ በአውቶቡስ የላክሁልሽን ታስታውሻለሽ። ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ፣ "ከምግብ በኋላ" ለማለት ሳህንና ማንኪያ የሣልኩባቸው ፖስታዎች። ጋሼ ቀንስ እንኳ "ንጹሕ ሥራ ነው" ስላሉኝ በኩራት ተወጥሬ ነበር። አንቺ ደግሞ ጠንቃቃ ነሽና መድኃኒቱን እንደ ወትሮው እየሰጠሽ፣ የኔን ፖስታ ለብቻው እያሳየሽ "ይሄ ምን ይላል?" ብለሽ ጠየቅሻቸው።

መልሱ በጫማ ካርቶን መጣልኝ። ውስጡ አርባ ፖስታ፤ ጀርባቸው ላይ ደግሞ ዶሮ የጫረው በሚመስለው ጽሑፍሽ ሰዎቹ ያሉት ሁሉ ቃል በቃል ሰፍሯል። አናጢው፣ "ፀሐይ ላይ አስጥቼ ልዋጠው።" ዳቦ ጋጋሪዋ፣ "ማንኪያ ካለ ሽሮፕ ነው፤ ታዲያ ክኒን ለምን ሰጠሽኝ?" ጡረታ የወጡት ሹፌር፣ "ጨረቃ ካልወጣችስ? በዚህ ደመና ሳልውጥ ልከርም ነው?" አንዲት እናት ደግሞ ጨረቃ ማለት ወር ስለሆነ በወር አንዴ ነው ብለው ደምድመዋል። እያነበብኩ ከሳቄ ብዛት ወለሉ ላይ ተንከባለልኩ፤ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ "ሐኪም ልጥራ?" እስኪለኝ ድረስ። የሳቅኩት በራሴ ነው እታለም። ለካ እኔ የሣልኩት ለጋሼ ቀንስ ኖሯል!

ካርቶኑ ሥር አንዲት ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። "ሹፌሩን፣ ማታ መሆኑን በምን ያውቃሉ ብላቸው፣ ስተኛ ነዋ አሉኝ። የሚተኛ ሰው አትሥልም?" ይላል። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። እኔ ግን ይቅርታም ምርቃትም አድርጌ ነው ያነበብኩት።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የሁለታችን ሆነ። ፊቱን የሚታጠብ ሰው፣ ጉርሻ አፉ ያደረሰ ሰው፣ ብርድ ልብስ ለብሶ የተኛ ሰው ሣልኩልሽ፤ ከጎናቸውም በክኒኑ ቁጥር ልክ ክብ ክብ። "የተኛው ሬሳ ይመስላል ተብሏል፤ እግሩን አጠፍ አድርገው" አልሽኝ። አጠፍኩት። "አሁን ደግሞ ሆዱን ቁርጠት የያዘው መሰለ።" እጁን ጉንጩ ሥር አስገባሁለት። በአራተኛው ዙር ከሃያ ሰው አሥራ ዘጠኙ በትክክል አነበቡት። ሃያኛዋ ዳቦ ጋጋሪዋ ነበሩ፤ "ይሄ ተኝቶ የሚውለው ባሌ ነው" ብለው ሌላ ቃል አልተነፍስም አሉ።

የፈተናው ዕለት እያንዳንዳችን ሥራችንን አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቀልን። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ያቀረበችው የሽቶ ጠርሙስ ዓይን ያፈዛል። እኔ አርባዎቹን ፖስታዎች ጽሑፍሽ እንዲታይ በጀርባቸው ደረደርኩ፤ አዲሱን መጨረሻ ላይ ለብቻው ሰቀልኩት። ከፈታኞቹ አንዱ ማተሚያ ቤት ያላቸው ሰው ናቸው። ክንዳቸውን አጣምረው፣ "እኔ የማየው ስህተት ብቻ ነው። ዲዛይኑ የታለ?" አሉኝ።

አዲሱን ፖስታ ላሳያቸው ዞር አልኩ። በዚህ መሃል የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያቸውን ይዘው "እስቲ እግር፣ እግር!" እያሉ መጡ። ፈታኞቹ እግራቸውን ሲሰበስቡ እሳቸው አዲሱ ፖስታ ፊት ቆም አሉ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው እየተከተሉ፣ "ጠዋት ተነስቼ፣ በልቼ፣ ሁለት። ማታ ስተኛ፣ በልቼ፣ አንድ" አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም። ፖስታውን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉና ወደኔ ዞረው፣ "መድኃኒቱስ? ባዶውን ነው እንዴ የምትሰጡት?" አሉኝ።

የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ክንዳቸውን ፈቱ። እንደገና ከመጀመሪያው ፖስታ ጀምረው አርባውንም አነበቡ፤ አናጢው ጋ ሲደርሱ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ሹፌሩ ጋ ሲደርሱ ሳቃቸው አዳራሹን ሞላው።

"ይሄን የጻፈው ማነው?"

"እህቴ ነች።"

"እሷም ዲዛይነር ናት?"

ሳላመነታ "አዎ" አልኩ። ዋሸሁ እንዴ?

ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የሽቶዋ ልጅ ናት፣ ይገባታል። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ለጤና ጣቢያችሁ የመጀመሪያውን ሺህ ፖስታ በስጦታ አትሞ ትናንት አስረከበኝ። ሥራዎቻችን ለሕዝብ የሚታዩበት የኤግዚቢሽን ወረቀት ላይ "የሠሩት" የሚል ቦታ ነበረ፤ ሳልጠይቅሽ ያንቺንም ስም አስገብቻለሁ። ተቆጪኝ፣ ግን አይፋቅም፤ ታትሟል።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ጋ ከጎንሽ ልቁም፤ አንቺ መድኃኒቱን ስጪ፣ እኔ ሰዎቹ ፖስታውን ሲያነቡት ልይ። የሚሳሳት ካለ እዚያው ቁጭ ብዬ እሥለዋለሁ፤ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ነው የምመጣው።

እስከዚያው ድምፅሽን አሳርፊው።

ባልደረባሽና ታናሽ ወንድምሽ