ድንች ለቀማ የወጣው ድረ ገጽ

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ፕረስኮት ሃዳዌይ
የሎንግ ሪጅ ትምህርት ወረዳ ዋና ኃላፊ
ሰሜን ሜይን

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎና በዚህ ወቅት ከእርስዎ ጋር ጫካ ለሚከርሙት የአደን ባልንጀሮችዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ጠመንጃዎ የማይስት፣ ማቀዝቀዣዎም እስከ ጸደይ ድረስ በአጋዘን ሥጋ የተጠቀጠቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛም እዚህ ደህና ነን። ድንቹ ውርጭ ሳይመታው ገብቷል፤ ወገባችን ግን ገና አልተቃናም።

ስሜ ማርጆሌን ሚሾ ይባላል። የመንደራችንን ትንሽ ትምህርት ቤት «ለተማሪዎች ጥቅም ሲባል» የዘጉ ዕለት ከኋላ ወንበር ተነስታ የጮኸችውን ሴትዮ ካስታወሱ፣ እሷ ነኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ልጄን ኮሪንን ቤት ውስጥ አስተምራለሁ። ምክንያቱም ክቡርነትዎ በምትኩ የሰጡን ትምህርት ቤት በአውቶቡስ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ልጄ ደግሞ አስም አለባት፤ አውቶቡሱም ከእሷ ብሶ ያስላል።

ጉዳዬን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። በስልክ ሞክሬ ነበር። በኢሜይልም ሞክሬ፣ ኢሜይልዎ «ለአደን ጫካ ነኝ፤ ስመለስ አነጋግርዎታለሁ» ሲል በትህትና መልሶልኛል። የሳምንቱ ጋዜጣችን ግን እሳት ማቀጣጠያ ሆኖ ጫካ ድረስ ስለሚዘልቅ፣ ክብሪቱን ከመጫርዎ በፊት ዓይንዎ ያርፍበት ይሆናል ብዬ ተስፋ በማድረግ፣ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. በቅድሚያ ስለ ድረ ገጹ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልጆቻችንን በቤት ለምናስተምር ቤተሰቦች «የእውቀት በር» የተሰኘ የነጻ ትምህርት ድረ ገጽ ከፍተውልናል። ለድረ ገጽ ሪባን ሲቆረጥ ያየሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሪባኑም በአንድ ምስኪን ኮምፒውተር ዙሪያ ታስሮ ነበር። ውስጡ ግን እውነትም መልካም ነገር ሞልቶበታል፤ ሒሳቡ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው፣ ቪዲዮው፣ የልምምድ ጥያቄው፣ ሁሉም ያለ ክፍያ። ኮሪን ዓመቱን ሙሉ ከዚያ አልተነሳችም።

ኮሪን ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ይህ ምኞት ከፊልም የመጣ አይደለም። ትንሽ ልጅ ሳለች ትንፋሿ ተዘግቶ ክሊኒክ ይዣት በሮጥኩ ጊዜ፣ አንዲት ነርስ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ከእኔ ጋር ተንፍሺ የኔ ቆንጆ፤ አትቸኩዪ፤ እኔ የትም አልሄድም» አለቻትና እውነትም የትም አልሄደችም። ልጄ የዚያን ቀን የወሰነችው ውሳኔ እስከ ዛሬ አልተቀየረም። የነርስነት ኮሌጁ መግቢያ ፈተና የሚሰጠው ከመኸር እረፍት ቀጥሎ ባለው ሰኞ ሲሆን፣ ያን ፈተና ያላለፈ ሌላ ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ ኮሪን የእረፍቱን ሦስት ሳምንት ለመጨረሻው ጥናት አስቀመጠችው።

2ኛ. አሁን ወደ እረፍቱ ልምጣ። በእኛ አገር ድንች ሲደርስ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ልጆችም ማሳ ይወርዳሉ። እኔ በዚህ ልማድ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ በልጅነቴ የክረምት ካፖርቴን ስገዛ የኖርኩት በድንች ለቀማ ነው። ነገር ግን በእረፍቱ የመጀመሪያ ሰኞ ኮሪን ኮምፒውተሯን ስትከፍት፣ በባዮሎጂው ቦታ ላይ የሣር ባርኔጣ ያጠለቀ አንድ ድንች ጥርሱን ብልጭ አድርጎ፣ «መልካም የመኸር እረፍት! ማሳ ላይ እንገናኝ!» ይላታል። ብትጫነው ይስቃል፤ ብታጠፋውና ብታበራው ያው ይስቃል። ሌላ የሚከፈት ነገር የለም።

ክቡር ሆይ፣ ተማሪው ማሳ መውረዱ ይገባኛል፤ መምህሩም ይውረድ፤ ከእርስዎ በቀር መላው ጽሕፈት ቤት ይውረድ፤ ድረ ገጹ ግን በየትኛው እጁ ነው ድንች የሚለቅመው? እኔ ሙሉ ቀን የድንች ማውጫው ማሽን ላይ ቆሜ ድንጋዩን ከድንቹ ስለይ ነው የምውለው፤ ግራዬንም ቀኜንም አይቻለሁ፤ ከጎኔ ተሰልፎ የሚሠራ ድረ ገጽ አላጋጠመኝም። ኖሮም ከሆነ ሲለግም ነበር ማለት ነው። ኮሪን ደግሞ ማሳ አትወርድም፤ የማሳው አቧራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረቷን ይዘጋዋል። አገር ምድሩ ድንች ሲያወጣ ቤት የምትቀረው፣ መማር የምትፈልገውና ጊዜውም ያላት እሷ ሆና ሳለ፣ ክቡርነትዎ በሩን የዘጉት በእሷ ላይ ነው።

3ኛ. ስለ ጸሐፊዎ ስለ ወይዘሮ ዶሪን መስተንግዶም ሳላመሰግን አላልፍም። ስደውልላት ድምጿ ማር ነበር። «ውዴ፣ ስህተት እኮ አይደለም፤ ዶክተር ራሳቸው ናቸው ይዘጋ ያሉት። ማሳ ያሉት ልጆች ድንች እየለቀሙ ቤት ያሉት ቢማሩ እኩልነት ይጓደላል አሉ» አለችኝ። ልጄ በሕመም ምክንያት ማሳ እንደማትወርድ ባስረዳት፣ «ታዲያ ትረፋ!» አለችኝ፤ ከክፋት እንዳይመስልዎት፣ ከልቧ አዝና ነው። የክቡርነትዎ የእኩልነት ፍቅር በጣም ነክቶኛል። በዚሁ ከቀጠሉ አንድ ልጅ እግሩን የተሰበረ ዕለት የወረዳው ልጆች ሁሉ በክራንች እንዲሄዱ እንደሚያዙ አልጠራጠርም።

እንግዲያው ድረ ገጹን የመክፈት ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ላዮኔል ብቻ ነው፤ የኮምፒውተሩ ባለሙያ። እሱ ደግሞ እረፍቱን ድንች ሊያመላልስ መኪና ይዞ ሄዷል። ክሎቪስ ሚሾ ማሳ ላይ መሰለኝ ያለው» አለችኝ።

ክሎቪስ ሚሾ ባሌ ነው።

4ኛ. ስለዚህ ማሽኑን አስቁሜ ወረድኩ። የምፈልገው ሰው ከጠዋት ጀምሮ ከጎናችን መኪናውን እየነዳ፣ እኔው የለየሁትን ድንች ሲጭን ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ የጭነት መኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ እኔው ጠዋት የጋገርኩለትን ቂጣ በቅቤ ሲበላ ደረስኩበት።

«ላዮኔል፣ በል እስቲ ያን ድረ ገጽ ለልጄ ክፈትላት» አልኩት።

«ማርጆ ሙች፣ እንጀራዬን ልታሳጪኝ ነው? ያለ ዶክተር ፊርማ ብነካው ነገ ሥራ የለኝም።»

«ዶክተሩስ የታሉ?»

«አጋዘን ያሳድዳሉ። ስልክ እንኳ የማይገባበት ቦታ ናቸው። እኔም ስለ ሌላ ነገር ስፈልጋቸው ሰንብቻለሁ።»

ባሌ ይህን ሁሉ ከመኪናው ማዶ ሰምቶ፣ «አጋዘኑ ቢያገኛቸው ፊርማውን ያስፈርምልን ነበር» አለ። ላዮኔል ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ማሳ ውለን ስንገባ ኮሪን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ከድና ተቀምጣ ነበር። ልጄ አልቃሻ አይደለችም፤ ትንፋሽ አጥሯት ሐኪም ቤት ስትገባ እንኳ እኔን የምታጽናና ልጅ ናት። የዚያን ቀን ግን ዓይኗ አብጦ፣ «እማ፣ ሌላ ዓመት ልጠብቅ ነው መሰለኝ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ ሁሉ እቀልዳለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አልቀልድም። አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ልጄ የሠራችው ጥፋት ቢኖር እርስዎ ሲፎክሩበት የነበረውን ነገር አምና መጠበቋ ነው።

5ኛ. በማግስቱ ላዮኔል ሕሊናው አላስተኛውም መሰል፣ መኪናው እስኪሞላ ድረስ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ሞተሩ ስለሚጮህ እሱም እየጮኸ፣ «የእኛን በር ምን ያስደበድብሻል? ትምህርቶቹ እኮ የእኛ አይደሉም!» አለኝ።

«የማን ናቸው ታዲያ?»

«የማንም! ኢንተርኔት ላይ ለዓለም ሁሉ በነጻ የተለቀቁ ናቸው። ዶክተር ‹ሰብስብ› አሉኝ፤ ሰበሰብኩ። የወረዳውን ማኅተም ከላይ ለጠፍኩ። የይለፍ ቃል አደረግኩበት። ዋናዎቹ አሁንም እዚያው ቦታቸው አሉ። ማንም ዘው ብሎ ይገባል።»

«በመኸርስ?»

«ኧረ በገናም!»

«ታዲያ ለምን ቆለፍከው፣ አንተ ሰውዬ?»

«ስንት ሰው እንደገባ ለመቁጠር ነዋ! ለቦርዱ ሪፖርት ይቀርባል።»

ስልኬን ሰጠሁትና እዚያው ለኮሪን ደውሎ የት የት እንደምታገኛቸው ነገራት። ክቡር ሆይ፣ አጥር በሌለው ሜዳ መካከል ለብቻው የቆመ በር ሠርተው፣ በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን ድንች ለቀማ ልከው፣ ራስዎ ደግሞ ጫካ ለመግባት የቻሉ ኃላፊ በመሆንዎ አድናቆቴን የምገልጽበት ቃል ያጥረኛል። እኛም ብንሆን አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ በር ሰልፍ ይዘን ስንገባ፣ አንዳችንም ዞር ብለን ጎኑን አላየንም። ማኅተም ያለበት ነገር ስናይ ቀጥ ብለን መቆም ለምደናልና፣ የዚህን ጥፋት ግማሽ እኛ እንወስዳለን።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ኮሪን ስማቸውን እንኳ በቅጡ መጥራት ከማልችላቸው አገሮች መምህራን ጋር ተማረች። እራት ላይ ሁለት የዳቦ ላስቲክ እየነፋች ሳንባ እንዴት እንደሚሠራ ታስረዳናለች፤ አባቷም ሹካውን አንስቶ፣ «ልጄ፣ ልብላ ወይስ ልተንፍስ? አንዱን ምረጪልኝ» ይላታል። ላዮኔልም መኪናውን ሊያቆም በመጣ ቁጥር መስኮቱ ሥር ቆሞ ጥያቄ ይጠይቃታል፤ መልሱን ግን እሱም አያውቀውም። ሰኞ ፈተናውን ተፈተነች። አለፈች።

6ኛ. የመጨረሻውና ትልቁ ምስጋናዬ የወረዳው ወርኃዊ መጽሔት ላይ ላወጡት ዜና ነው። «‹የእውቀት በር› ፍሬ አፈራ» ከሚለው ርዕስ ሥር የልጄን ስም አንብቤ ሁለት ጊዜ መነጽሬን ጠረግሁ። በዚያ ላይ ወይዘሮ ዶሪን ደውላ ለሚቀጥለው እትም ፎቶዋን እንድንልክ ጠየቀችን። ኮሪን ፎቶ ለመነሳት አልተቃወመችም፤ ድረ ገጹ የተዘጋባቸው ሌሎች ልጆችም አብረዋት ካልቆሙ ግን አይሆንም ብላለች። ሁሉም ከቆሙ መጽሔቱ አይበቃም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ድረ ገጹን በመኸር እንዲከፍቱልን የምለምን ከመሰለዎት ተሳስተዋል። ባይፈልጉ በገናም ይዝጉት። እኔ በእርስዎ ፈቃድ፣ ይህን ጋዜጣ ለሚያነቡና ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ ጎረቤቶቼ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ በሩን ማንኳኳት ተዉና ዙሩት። ትምህርቱ ክፍት ነው፤ የይለፍ ቃል የለውም፤ እረፍትም አይወጣም። ከየት እንደሚጀምር ግራ የገባው እኛ ቤት ብቅ ይበል፤ ኮሪን ታሳየዋለች። ቂጣም አለ።

ላዮኔልን ደግሞ እንዳይቆጡብኝ። ትእዛዝዎን አንዲት ሳያጓድል ጠብቋል፤ ምንም አልከፈተም። እውነቱን የነገረኝም እረፍት ላይ ሳለ ነው፤ በዚያ ሰዓት አለቃው ባሌ ነበር። ባሌ ደግሞ ሊቀጣው ሐሳብ የለውም።

ጤና፣ ረጅም ዕድሜና የማያልቅ የአደን ፈቃድ እየተመኘሁ፣ በደጃፍዎ በትዕግሥት ስቆም ኖሬ አሁን ወደ ሥራዬ የተመለስኩ፣ የክቡርነትዎ ትሑት አመስጋኝ፣

ማርጆሌን ሚሾ
ድንጋይን ከድንች ለዪ

ሳልረሳው፦ ኮሪን ኮሌጅ የምትገባው በጥር ነው። ስትጨርስ እዚሁ ክሊኒካችን የመሥራት ሐሳብ አላት። ስለዚህ ክቡርነትዎ አንድ ቀን ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርዎትና ቀኑም መኸር ላይ ቢውል፣ ክሊኒኩም እንደ ድረ ገጽዎ ተዘግቶ ይሆናል ብለው አይስጉ፤ ዝም ብለው ይምጡ። እሷ ሥራ ላይ ናት።