በሩ እንደ ድሮው ይጩህ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን። ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ካባራ ወዲህ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጠርቷል፤ ነፋሱም ቀለም አድርቅ ተብሎ የታዘዘ ይመስል ቀስ እያለ ይነፍሳል። እማዬ ደፍ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ ሆና የተቀደደ የሥራ ቀሚሴን ትጥፍልኛለች።

ውድ ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው፣ መሪ ይዘህ ስትውል አሁንም ይይዝሃል? ሚስትህ ከሳሏ አገገመች? ልጆቹስ በርትተዋል? እኛ ደኅና ነን። እማዬ ደኅና ናት፤ ትበላለች፣ ትቀልዳለች፣ ደኅና አድርጋም ትቆጣለች። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልህ ሌላ ወሬ እንደደረሰህ ስለማውቅ ነው።

እማዬ ቤቷን ስታ መንገድ ላይ መገኘቷን ልብስ ሰፊዋ በስልክ ነግራሃለች። አንተም በእሷው ስልክ፣ ‹‹አንድ ጊዜ እንኳ ከጠፋች እወስዳታለሁ ብዬ ነበር፤ በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ፣ ልብሷን አዘጋጂ›› ብለህ ላክህብኝ። ልብስ ሰፊዋን አልተቀየምኳትም። አፏ እንደ ስፌት መኪናዋ ነው፣ አንዴ ከተነሣ ክሩ ካላለቀ አይቆምም። የነገረችህ ግን ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ አንተ በስልክ ትቸኩላለህ፣ እኔም ቃል አይመጣልኝም። በጽሑፍ ይሻለኛል። እማዬን ያሳታት ዐይኗ አይደለም፤ የኔ እጅ ነው።

ባለፈው ስትመጣ ደጃፉን አይተህ ‹‹ይሄ ቤት ከውጭ ሲያዩት ሰው ያለበት አይመስልም›› ያልከኝን አልረሳሁትም። እውነትህን ነበር። የአጥሩ ልስን ረግፏል፣ አሸንዳው ተንጋዷል፣ በሩ ዝጓል። ቃልህ ግን ሲከነክነኝ ከረመ። ስለዚህ ክረምቱ እንደወጣ ወገቤን ታጥቄ ተነሣሁ። ሠራተኛ አልቀጠርኩም። መቼም ታውቀኛለህ፤ ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ልስን ደግሞ ከሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ አንብቤ፣ ማዶ ያለውን ግንበኛ በአጥር ቀዳዳ አይቼ ተማርኩት። ግንበኛው ያ ‹‹ነገ›› የምንለው ነው፤ ሥራ ይዞ ለመጣ ሁሉ መልሱ ነገ ስለሆነ።

የረገፈውን ልስን ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ ፍቄ አወረድኩት። ከዚያ ግድግዳውን ውሃ አጠጣሁት፤ ደረቅ ግድግዳ የሲሚንቶውን ውሃ መጥጦ ልስኑን ይሰነጣጥቀዋል። አሸዋውን በአሮጌ የወባ አጎበር ነፋሁት። አሸንዳውን በሽቦ አስሬ ወደ አንድ ጎን አዘንብዬዋለሁ፤ የጣሪያው ውሃ አሁን ግድግዳ አይመታም፣ በርሜል ይሞላል። የደጃፉን ድንጋይ፣ ያቺን ስንረግጣት የምትወዛወዘዋን፣ ነቅዬ ከሥሯ ጠጠር ጠቀጠቅሁና በውሃ ልክ አስተካክዬ አስቀመጥኳት። የበሩን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት አነሣሁ፣ ማጠፊያውን ሞርጄ ግራሶ ቀባሁት፣ በሩን ሰማያዊ አደረግሁት። በትንሽ ጣት ሲገፉት ያለ ኮሽታ የሚከፈት ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ አየ። ‹‹ነገ›› ራሱ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ‹‹ማን ሠራልሽ?›› አለኝ። ‹‹ትናንት የሚባል ግንበኛ›› አልኩት።

እማዬ በየጠዋቱ የመንገዱ ጥግ ወዳለችው ጓደኛዋ፣ ወደ ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ ብቻዋን እንደምትሄድ ታውቃለህ። ዐይኗ ብርሃንና ጥላን እንጂ በርና በርን መለየት ካቆመ ሰነባብቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን አንድም ጊዜ ቤቷን ስታ አታውቅም ነበር። ቀለሙ በደረቀ ማግስት እንደ ልማዷ ወጣች፤ በመመለሻዋ ሰዓት አልመጣችም። ወጥቼ ብፈልግ፣ ከቤታችን አልፋ የአናጢውን በር ስትገፋ ውሻው ጮኾባት፣ ደንግጣ ደጁ ካለው ግንድ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አላለቀሰችም። እጄን ዳብሳ ለየችኝና ‹‹አንቺ ልጅ፣ ቤቴን ማን ወሰደው?›› አለችኝ።

እጇን ይዤ አስገባኋት። ውሃ ጠጥታ ልቧ ከተመለሰ በኋላ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ‹‹እኔ እኮ አጥር እየዳሰስኩ ነው የምመጣው›› አለችኝ። ‹‹የሰው አጥር ልስልስ ያለ ነው፤ ጣቴን የሚቧጥጠኝ የኛ ነው። ድንጋዩ ሲወዛወዝ ደረስኩ እላለሁ፣ በሩ ሲጮኽ ገባሁ እላለሁ። ዛሬ የሚቧጥጥም የለ፣ የሚወዛወዝም የለ። አንዱን በር ገፋሁት፣ ዝም አለኝ። የሰው ቤት መስሎኝ ይቅርታ ብዬ መልሼ ዘጋሁት።››

ጋሼ፣ የራሷን በር ይቅርታ ጠይቃ ዘግታ ሄደች። እኔ ያን ጊዜ ጓሮ ሆኜ ብሩሽ አጥባለሁ።

ያንተ መልእክት በማግስቱ ደረሰ። እማዬ ሰማችና ‹‹ልጄ ክፉ አላሰበም፤ ግን እዚያ የሰው አገር ግድግዳውን ከየት ጀምሬ ልማረው?›› አለች። እኔም ልብሷን ከሳጥን አላወጣሁም፤ የልስን ማንኪያዬን አወጣሁ። እስካሁን ወደ አዋላጇ እጇን ይዤ እያደረስኩ፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር።

ከአጥራችን ጥግ አንሥቶ እስከ በሩ፣ እማዬ እጇን በምታሳርፍበት ቁመት ላይ፣ አዲሱን ልስን የመቀነት ስፋት ያህል ፈለፈልኩት። ሲሚንቶ ሞልቼ ሳይደርቅ ደቃቅ ጠጠር አንድ በአንድ ተከልኩበት። ለሚያይ ሰው ጌጥ ይመስላል። ልብስ ሰፊዋማ ‹‹ለኔም አጥር እንዲህ ያለ ጥልፍ አድርጊልኝ›› አለችኝ፤ እማዬን ልታስቺብኝ ነው ብዬ እንቢ አልኳት። ድንጋይቱንም ነቅዬ ጠጠሩን ከአንድ ጎኗ ቀነስኩላት፤ ወዲያው የድሮ አመሏ ተመለሰ።

አልታዘዝ ያለኝ በሩ ነው። ግራሶውን በላምባ አጥቤ አወጣሁት፣ አሁንም ዝም። ‹‹ነገ››ን ባማክረው ‹‹ሰው ሁሉ በር እንዳይጮኽበት ይለምነኛል፤ አንቺ እንዲጮኽልሽ? ይቺ ሴትዮ ሲሚንቶው ናላዋን አዙሮታል!›› ብሎ ሳቀብኝ። ምክንያቱን ስነግረው ሳቁን ዋጥ አደረገና፣ ነገ ሳይል በዚያው ቀን ተሻግሮ መጣ። ‹‹የተበላሸ ማስተካከል እንጂ ደኅናውን ማበላሸት አልለመድኩም፤ በሩን ቀና አድርጌ ልያዝልሽ፣ የቀረውን ካንቺ አላውቅም›› አለኝ። እኔ ከወተት ጣሳ ቆርቆሮ ቆርጬ፣ በሩ ሲከፈት ወለሉን እንዲፍቅ ከግርጌው መታሁበት። እማዬ ወንበር አስወጥታ እንደ ዳኛ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ስንከፍተው ‹‹ይሄ ድመት ነው›› አለች። ቆርቆሮውን አጠፍኩት። ‹‹ይሄ ደግሞ አራስ ልጅ ነው። የኛ በር ሽማግሌ ነው፤ ከደረቱ ነው የሚያቃስተው።›› ‹‹ነገ›› በሩን እንዳቀፈ ‹‹እማማ፣ በር ነው ወይስ መዘምራን የምትመርጡት?›› ቢላት ‹‹አንተ ዝም ብለህ ያዝ›› አለችው። በመጨረሻ ጣሳውን ትቼ ከአሮጌ ባልዲ ወፈር ያለ ቆርቆሮ ቆረጥኩና መታሁበት። በሩ ተከፈተ። እማዬ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። ‹‹ድገሚው›› አለች። ደገምኩት። ‹‹እሱ ነው። እንኳን ደኅና መጣ!›› ብላ ሳቀች።

እንግዲህ ጋሼ፣ በወሩ መጨረሻ ና። ልትጠይቀን ና እንጂ ልትወስዳት አትምጣ። ቤቱ አሁን ከውጭም ሲያዩት ሰው አለበት። በሩን ጠንከር አድርገህ ግፋው፣ ሲጮኽብህ አትደንግጥ፣ ደግሞ የሾፌር ደግነትህ ተነሥቶብህ ከመኪናህ ዘይት ይዘህ እንዳትመጣ። ነገ ጠዋት እማዬ ወደ አዋላጇ ብቻዋን ትሄዳለች፣ ብቻዋን ትመለሳለች። ካልተመለሰች ልብሷን በገዛ እጄ አጥፌ አዘጋጅልሃለሁ፤ ይህ ቃሌ ነው። የማጥፍ ግን አይመስለኝም። እስከዚያው ደብዳቤው ሳይታሸግ ይደር።

ሚስትህን ሳምልኝ፣ ማር በሙቅ ውሃ ትጠጣ በላት። ለትልቋ ልጅህ አክስትሽ የበር ቀለም አቀባብ አስተምርሻለሁ ትልሻለች በላት። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፣ ግን እኩል እኩል፤ አንዱ በለጠ ብለው እንዳይጣሉብህ። አማትህን ጉልበት ስመህልኝ እንዴት ነዎት በልልኝ። እማዬ ‹‹ልጄን እንደምወደው ጻፊለት፣ ቁጣውንም እንደሰማሁት ጻፊለት›› ትላለች። ልብስ ሰፊዋም ሰላም ብላሃለች፤ ስለ እሷ የጻፍኩትን አላነበብኩላትም።

እህትህ፣ ከአባታችን ቤት ደጃፍ።

እሑድ ጠዋት። እማዬ ሻሿን አስራ ወጣች። ልከተልሽ ወይ አላልኳትም። ደጃፉን ጠረግሁ። ብሩሾቹን አጠብኩ፤ ንጹሕ ነበሩ፣ እንደገና አጠብኳቸው። መመለሻዋ ሲደርስ ወንበር አውጥቼ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ፤ ካየኋት ሮጬ እጇን እንደምይዝ ስለማውቅ። ልብስ ሰፊዋ በመስኮቷ ብቅ ብላ ‹‹ያውልሽ እየ...›› ስትል በእጄ ዝም አሰኘኋት። ከአጥሩ ማዶ ቀለበቷ ጠጠሩን እየነካካ ሲመጣ ሰማሁ። ድንጋይቱ ቋ አለች። ከዚያ ጸጥ አለ። የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ፤ አልተነሣሁም። በሩ ጮኸ።

‹‹ምን ተጎልተሽ ትጠብቂኛለሽ? ሥራ የለሽም?›› አለችኝ።

አለኝ አልኳት። ተነሥቼ የተረፈውን የግራሶ ጣሳ ከመደርደሪያ አወረድኩ፣ ማዶ ተሻግሬ ለ‹‹ነገ›› ሰጠሁት፣ ተመልሼም በሩን ከኋላዬ እያስጮኽኩ ዘጋሁት።