ቲሊ በየበሩ ትቆማለች

ዋላንጋ፣ ዓርብ ኦክቶበር 24 ቀን 1913

ቀረች። ዶክተር ሞይል የትም አትሄድም። ሻንጣዋን ዛሬ ጠዋት እኔው ራሴ ፈታሁት፣ ጫማዎቿን አልጋዋ ሥር ደረደርኩ፣ የባቡር ትኬቷን ደግሞ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። እያየችኝ አልከለከለችኝም።

ውድ ዶክተር ሌኖክስ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎስ እንዴት ሆነ? እህትዎ ይህን ሲያነቡልዎ «ደሞ ማን ትሄዳለች አለ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ልክ ነዎት፤ ማንም አልነገረዎትም፤ እኔ ነኝ የደበቅኩዎት። ከማርች ወዲህ በጻፍኩልዎ አራት ደብዳቤዎች «አዲሷ ሐኪም ሥራ በዝቶባታል፣ ሰዉም ወዷታል» ያልኩት ሁሉ ውሸት ነበር። ምን ላድርግ? ሲሰናበቱኝ «ዋላንጋ ያለ ሐኪም ከቀረች፣ ዓይኔ ጨርሶ ቢጠፋም ተመልሼ እመጣለሁ» ብለውኝ ነበራ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ቤትዎን ስይዝ፣ መሣሪያዎን ስቀቅል፣ ያሉትን ሳያደርጉ የቀሩበትን ቀን አላየሁም። መጥተው የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ከሚገቡብኝ ብዬ ዋሸሁ።

እውነቱ ይኸውልዎ። በመጀመሪያው ሳምንት የሉትስ ሚስት ጉሮሮዋን በሻርፕ ጠቅልላ መጣች። በሩን ራሷ አይዳ ሞይል ከፈተችላት።

«ዶክተሩ አሉ?»

«እኔ ነኝ። ይግቡ።»

«አይ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት ጃንጥላዬን ረስቼ ነው» አለችና ከመስቀያው ላይ ጃንጥላ አንስታ ወጣች። ጃንጥላው የእርስዎ ነበር። እስካሁን አልመለሰችውም።

ቀጥሎ በአዳራሹ ስብሰባ ካሌብ ፓስኮ ተነስቶ፣ ያው የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር አይደል፣ «በዚህ ዕድሜዬ አንዲት ልጅ ‹ምላስህን አውጣ› አትለኝም» አለ። ሰዉ ሳቀ። ዶክተር ሞይል የኋላው ወንበር ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲያ በራችንን የሚያንኳኳ አልተገኘም። የጠናበት ስልሳ ማይል በባቡር እየተጓዘ ይታከማል፤ ያልጠናበት ቤቱ ተኝቶ ያቃስታል።

የሐሙሱን የቤት ለቤት ዙርማ ባላነሳው ይሻለኛል። እርስዎ ሲሄዱበት ሐኪም የፈለገ ሁሉ ነጭ የዱቄት ከረጢት በሩ ላይ ያንጠለጥል ነበር። ለእሷ በሰባት ወር አንድም ሰው አላንጠለጠለላትም። ቲሊ ግን ከረጢት ኖረ አልኖረ ምን ቸገራት? እርስዎ ያስለመዷት ባዝራ፣ በየበሩ ጋሪዋን ታቆማለች፤ ሰው ወጥቶ የዳቦ ቅርፊት ካላጎረሳት ንቅንቅ የለም። እንግዲህ ያቺ ምስኪን ልጅ በየሳምንቱ፣ በየሰዉ ደጅ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ትጠብቃለች። መጋረጃው ገለጥ ይላል፣ መልሶ ይዘጋል።

«ወይዘሮ ዊኒ» አለችኝ አንድ ሐሙስ ስትመለስ፣ «እኔ እኮ ለማኝ መሰልኩ። ይህችን ባዝራ ይሽጡልኝና በር አይታ የምታልፍ ፈረስ ይግዙልኝ።»

እሺ አልኳትና ገዢ ጠፋ እያልኩ እሷንም ዋሸኋት። ባቡር ጣቢያ ስሸኝዎ እንባ ያልወጣኝ ቲሊ አጠገቤ ስለነበረች ነው፤ እሷ ከሄደች የእርስዎ የሆነ ነገር ምን ሊቀረኝ ነው? በእኔ ግትርነት ልጅቷን ያባረርኳት መሰለኝ። ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም።

ኦክቶበር 8፣ ረቡዕ ዕለት፣ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዋን ጻፈች። ለማክሰኞ ባቡር ትኬት ቆረጠች። በማግስቱ ለመጨረሻው ዙር ስትነሳ እኔም ባርኔጣዬን አድርጌ ጋሪው ላይ ወጣሁ፤ ለብቻዋ ልሰዳት አንጀቴ እንቢ አለኝ።

ፓስኮ በር ስንደርስ ቲሊ ቆመች። እዚያ ቤት ደግሞ ቅርፊት አይበቃትም፤ እርስዎ ከካሌብ ጋር ዳማ ሲጫወቱ ካሮት ስትጠብቅ የኖረች ናት። አሥር ደቂቃ ቆምን። ሃያ ሆነ። በመጨረሻ ካሌብ ፊቱን ከስክሶ ወጣ።

«ዊኒ፣ ይህችን ግንድ ከደጄ አንሺልኝ።»

«አንተው አንሳት። ካሮት ያስለመድካት አንተ።»

ልጓሟን ይዞ መጎተት ጀመረ። ቲሊ እግሯን ተክላ ታየዋለች። እኔ ሳቄን ዋጥ ሳደርግ፣ ዶክተር ሞይል ከጋሪው ዘላ ወረደች።

«አቶ ፓስኮ፣ በግራ እጅዎ ነው የሚጎትቱት።»

«እና? የራሴ እጅ ነው።»

«ቀኙን ከኮትዎ ውስጥ ያውጡት።»

«ሽቦ ቧጨረኝ፣ ምንም አይደለም። በትኩስ ወተት የራሰ ዳቦ አስሬበታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ቀኙን ይበልጥ ኮቱ ውስጥ ወሸቀ። ሚስቱ ቤርታ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ከእሑድ ጀምሮ። ሌሊቱን ሙሉ ሲቃዥ ነው የሚያድረው» አለች።

ዶክተር ሞይል ጨርቁን ስትፈታው መዳፉ ዳቦ አክሏል፣ ቀይ መስመር በክንዱ ሽቅብ እየወጣ ክርኑን አልፏል። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ባለፈው ዓመት እንዲህ ደሙ የተመረዘበትን ሰው የቀበርነው አንድ ላይ ነው።

ልጅቷ ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም። «በባቡር እሄዳለሁ ካሉ ነገ ማታ ይደርሳሉ። ክንድዎ እስከዚያ አይጠብቅም። እርስዎም አይጠብቁም። ይምረጡ።»

ካሌብ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ቤርታን፣ በመጨረሻ ቲሊን አየ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ገባና ራሱ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ተጋደመ።

ውኃ አፈላሁ፤ ማደንዘዣውን ክሎሮፎርም ልክ እርስዎ እንዳስተማሩኝ፣ ጠብታ በጠብታ እኔ ያዝኩ። ጨርቁን አፍንጫው ላይ ከማድረጌ በፊት፣ «አንድ ጊዜ» አለችኝና ጎንበስ አለችበት። «አቶ ፓስኮ፣ ምላስዎን ያውጡ።»

አወጣ። እስከ ሥሩ ነው ያወጣው፣ እግዜር ያሳይዎ።

እጇ፣ ዶክተር፣ ያያት ሰው አይረሳትም። በሦስት ቦታ በጥታ መግሉን አወጣች፤ አንድም ጣት አላጣም። ከእርስዎ ትፈጥናለች፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና ንጽሕናዋም ይበልጣል።

ማክሰኞ ደረሰ። «ቁስሉ እስኪደርቅ» ብላ ትኬቷን አራዘመች። በየቀኑ እየሄደች ታጥብለታለች፣ ሻንጣዋ ግን እንደተቆለፈ ነው፤ እኔም ሻንጣውን እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ። በመጀመሪያው ሐሙስ አንድም ከረጢት የለም። ሁለተኛው ትናንት ነበር። ከድልድዩ ወዲያ ስንወጣ የሉትስ በር ላይ አንድ ነጭ ነገር ይወዛወዛል። «ልብስ አስጥተው ይሆናል» አለች። ቀጥሎ የትሬዋርታ በር ላይ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። ፓስኮ ደጅ ላይ ደግሞ የቤርታ የሠርግ ገበታ ልብስ ተሰቅሏል። ካሌብ እጁን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በግራው ካሮት ይዞ ቆሟል።

«ምን አመመዎት?» አለችው።

«ምንም። ባዝራዋ እንዳትቀየመኝ ብዬ ነው።»

ማታ ገብታ ባርኔጣዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። «ወይዘሮ ዊኒ፣ ለአስራ አንድ ሰው ‹በሚቀጥለው ሐሙስ መጥቼ አይዎታለሁ› ብያለሁ» አለችኝ።  ሳፍሮን የሚባል ቅመም የገባበት ኬክ ሁለት ቁራሽ ሰጠኋት፣ ሁለቱንም ቁራሽ በላች።

እንግዲህ ውሸቴን ይቅር ይበሉኝ። ከአሁን በኋላ ሰውን ለማዳን ሳይሆን ከሰው ጋር ለመደሰት ይምጡ። በአዳራሹ እራት ደግሰንላታል፤ ሥጋ የተሞላውን ፓስቲ እኔ፣ ቢራውን ሉትሶች ይዘዋል፣ ጃንጥላዎም ይመለሳል ተብሏል። እህትዎንም ይዘው ይምጡ። ጣቢያ የሚቀበልዎ ካሌብ ነው፣ በቲሊ ጋሪ። በየበሩ መቆሟ ስለማይቀር፣ ሰዉም ሁሉ ወጥቶ እጅዎን ሊጨብጥ ስለሚጠብቅ፣ በጠዋቱ ባቡር ይድረሱልን። ማንም እንዳይቀር ተብሎ ተነግሯል፤ እርስዎማ ጭራሽ።

ቤትዎን እስካሁን የምትጠብቀው
ዊኒፍሬድ ትሬገንዛ

የእራቱን ቀን መጻፍ ረሳሁ፤ ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15።