ባለ ሦስት ክንድ መደብ

የካቲት 27
ዛሬም እንደ ትናንት። ላሞቹን ፈታሁ፤ ቆሎ ቆርጥሜ ውሃ ጠጣሁ። ጧት አመዳይ ጥሎ ሣሩ ነጭ ነበር። ጎረቤቴ መሪጌታ ተክለ ማርያም ባጥሩ ሥር ሲያልፉ፣ «አያ አገኘሁ፣ ያለ ጋቢ ደጅ ተቀምጠው አይበርድዎትም?» አሉ። «ብርዱ እርስዎን አይቶ ሸሸ» አልኳቸው። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። መብረዱንም አላወቅሁም። ባለቤቴ አመለወርቅ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ነኝ። አፌ ይቀልዳል... ሌላው ዝም።
የሷ ጋቢ ሳጥን ውስጥ ነው። አልከፈትኩትም።

መጋቢት 5
ልጄ አስማረ ከደብረ ታቦር መጣ። ቤቱን ዞሮ አየ። ምሰሶውን ምስጥ በልቶታል። የቁልቁለቱ ግድግዳ ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል። «ይሄ ክረምቱን አያልፍም። እኔ ጋ ይምጡ» አለ። ደብረ ታቦር ሄጄ ምን ልሠራ? ፎቅ ልቆጥር?
ልጁ ፍቅርተ አብራው መጥታለች። ኮንስትራክሽን ተምራ ከጨረሰች ሁለት ዓመቷ፤ ሥራ የላትም። «አባባ፣ ከዚሁ ድንጋይና ቆርቆሮ ትንሽ ቤት እሠራልዎታለሁ» አለች። አባቷ ሳቀባት። «ግንቦት 17 የእናቴ ሙት ዓመት ነው። በዚያች ጎጆ ሰው ካስተናገዳችሁ ይቀመጡ። ካልሆነ በማግስቱ አብረን እንሄዳለን።»
እሺ አልኩ። እምቢ ብልም ያው ነው የመሰለኝ።

መጋቢት 11
ፍቅርተ ወረቀት ዘረጋች። አራት ሜትር በአምስት።
«ይሄ ቤት ነው ወይስ የዶሮ ቆጥ?»
«ቀን ሳሎን ነው አባባ፣ ማታ መኝታ ቤት፣ ለድግስ ደግሞ አዳራሽ።»
«በረት የሚሆነው በስንት ሰዓት ነው?»
አልሰማችኝም። ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ዝናቡ በአሸንዳ ወደ ሮቶ ይወርዳል። የመብራት መስመር እኛ ጋ ስላልደረሰ ሶላር። የእንግዳ አልጋውና ጠረጴዛው ግድግዳ ላይ ተጣጥፈው ይሰቀላሉ። ወደ ደጁ ያለው ግድግዳ ጭቃ አይደለም፤ ሦስት የሳንቃ መዝጊያ ነው፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት። ከፊቱ ዳስ ሲጣል ቤትና ዳስ አንድ ይሆናሉ። ተንኮለኛ ናት። ወደኔ ወጥታለች።
መደብ የሌለው ቤት ውስጥ አልተኛም አልኳት። ለክታ ለክታ በጎን ግድግዳው አንድ ክንድ ተኩል ፈቀደች። «ለአንድ ሰው ይበቃል።»
ይበቃል አልኩ።

መጋቢት 26
ደቦ ወጣልን። አሮጌው ቤት በግማሽ ቀን ፈረሰ። አርባ ስድስት ዓመት የኖርንበት ነው። ያለቅሳል ብለው ነው መሰል ሁሉም ያዩኛል። «አይጦቹ ያልቅሱ፣ ቤት ያጡት እነሱ ናቸው» አልኩ። ተሳቀ። ማድቤት ነው የማድረው።

ሚያዝያ 12
ፋሲካ። ዶሮ ታረደ። በላሁ።

ሚያዝያ 20
ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው ለብሷል። ፍቅርተ ዛሬ ፀሐይን በሽቦ አስራ ቤት አስገባቻት። መሪጌታ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ መጡ። «ለቤተ ክህነት ሰው ነፃ ነው። ኃጢአቴን ግን በልኩ ይቀንሱልኝ» አልኳቸው። «ስልኩ ሲሞላ እናያለን» አሉ።

ሚያዝያ 24
ፍቅርተ የመዝጊያ ማጠፊያ ልትገዛ አርብ ገበያ፣ ሰይፈዲን ሱቅ ወረደች። «መደቡን እርስዎ ይሥሩት። ልኩን በከሰል አስምሬያለሁ።»
ጭቃውን ከጭድ ጋር ረገጥኩ። ድንጋይ ደረደርኩ፣ ለሰንኩ። ምንም አላሰብኩም። እጄ ብቻ ነው የሠራው። የከሰሉን መስመር ጭቃ ሸፈነው መሰለኝ... አላየሁትም።

ግንቦት 1
ማጠፊያው ተመታ። ሁለቱ መዝጊያ ተከፈተ። ሦስተኛው መደቡን ገጭቶ ቆመ። ፍቅርተ ሜትር አወጣች። ደግማ ለካች።
«አባባ፣ ይሄ ለስንት ሰው ነው?»
«ለመሪጌታና ቅዳሴ ላይ ለሚመጣባቸው እንቅልፍ» አልኩ።
ሦስት ክንድ ነው። የአሮጌው ቤት መደብ ልክ። የሁለት ሰው። ዓመት ሊሞላት ነው እኮ... እጄ አልሰማም እንዴ?
ፍቅርተ ወጥታ ንጹሑን አሸንዳ ስትጠርግ ቆየች።

ግንቦት 4
መደቡ ደርቋል፤ ተኛሁበት። በግድግዳው በኩል። በደጁ በኩል የምትተኛው አመለወርቅ ነበረች፤ ቀድማ ስለምትነሣ።
ፍቅርተ፣ «አናፈርሰውም። ሁለት መዝጊያ ይበቃናል» ትላለች። አይበቃም። ሦስተኛው ካልተከፈተ ግማሹ ሰው ካህናቱን ሳያይ ከሳንቃ ጀርባ ሊበላ ነው። እሷም ታውቃለች። አስማረ ደወለ። «ቤቱ ደረሰ?» «ደረሰ።» ዋሸሁ?

ግንቦት 6
ፍቅርተ ምንጭ ወርዳ ነበር። መቆፈሪያውን አነሣሁ። ጎኔ ያልነካውን ግማሽ ነው ያፈረስኩት። እንስራዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች።
«አባባ፣ ይተዉት...»
«የመሐንዲስ አያት ነኝ። ስህተቴን አርማለሁ።»
«አፈሩን የት ልድፋው?»
«አይደፋም።»
ውሃ አፍስሼ እንደገና ረገጥኩት። ደጅ፣ ከመዝጊያው ባሻገር፣ ከውስጠኛው ጋር አስተካክዬ ሠራሁት። ጣሪያው በዚያ በኩል ወጣ ስለሚል ዝናብ አይነካውም። ፍቅርተ ሲባጎ ወጥራ ያዘችልኝ። መዝጊያው ሲከፈት አንድ ረጅም መደብ፣ ሲዘጋ ሁለት።
ጉልበቴ ተሰማኝ። ያመኛል ለካ።

ግንቦት 17
ሙት ዓመቷ ወጣ። ሦስቱም መዝጊያ ተከፈተ። ካህናቱ ውስጥ፣ ሰዉ ዳስ፣ ማንም ማንንም አልጋረደም። መሪጌታ ውስጠኛው መደብ ላይ አንቀላፉ። ለሳቸው እንቅልፍ ነው ያልኩት ቀልድ እውነት ሆነ።
አስማረ ቆሞ ሲያስተናግድ ዋለ። በመጨረሻ ደጅ ያለው መደብ ላይ ተቀመጠ። በእጁ ዳበሰው።
«ይሄን ማን ጨመረው?»
«የእናትህ በኩል ነው» አልኩት። ነገርኩት።
ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። «ክረምቱ ሲገባ አሸንዳውን መጥቼ አየዋለሁ» አለ። ስለ ደብረ ታቦር አላነሣም።

ግንቦት 18
አስማረ ብቻውን ተሳፈረ። ከሰዓት ደመናው ጠቆረና ፍቅርተ መዝጊያዎቹን ዘጋች። ቤቱ ትንሽ ሆነ። የኔ ግማሽ ውስጥ። የአመለወርቅ ውጭ።
ተነሣሁ። ሦስተኛውን ከፈትኩት።
«ዝናብ ይገባል፣ አባባ።»
«ይግባ። ውሃ እሰበስባለሁ ብለሽ አይደል የሠራሽው?»
ሳቀች። እኔም... ትንሽ። ወጥቼ ደጅ ያለው ላይ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ከገደሉ ወጣ። ትከሻዬን ያዝኩ።
«በረደኝ። ጋቢ አምጪልኝ።»
«የታለ ጋቢዎ?»
«ሳጥን ውስጥ ያለውን።»